ከጨጓራ ባይፓስ 4 ዓመት በኋላ፦ ክብደቴ እየተመለሰ ነው፣ ክትትሌም ተቋርጧል

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ ከ4 ዓመት በፊት የጨጓራ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር በአቋራጭ የሚያገናኝ) ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። በዚያን ጊዜ 124 ኪሎ እመዝን ነበር፤ የስኳር ሕመሜ በሁለት ዓይነት ክኒን አልመለስ ብሎ ወደ ኢንሱሊን መርፌ ልገባ ስል ነው ሐኪሜ ይህን ሕክምና የመከረኝ። በ16 ወር ውስጥ 76 ኪሎ ደረስኩ፤ ስኳሬም ያለ መድኃኒት ተስተካከለ፤ ደረጃ ስወጣ ያፍነኝ የነበረው ትንፋሽም ቀረልኝ። ለዚህ ዛሬም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ጭንቀቴ የጀመረው ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ ነው። ሥራ ስቀይር ኢንሹራንሴም ተቀየረ፤ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገልኝ ክፍል አዲሱን ኢንሹራንስ እንደማይቀበል ስለነገረኝ ክትትሉ በዚያው ቀረ። በየወሩ ሐሙስ ማታ ይደረግ የነበረው የታካሚዎች ስብሰባም ቢሆን፣ አሁን በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ አልደርስበትም። ደሜ ከተመረመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቫይታሚኖቹን ሲመቸኝ እውጣለሁ፤ ሲያልቁ ሳልገዛ ወር የሚያልፍበት ጊዜም አለ። ክብደቴ አሁን 87 ኪሎ ደርሷል። ከሁሉ በላይ ድካሙን አልቻልኩትም፤ ፀጉሬ ይረግፋል፤ ለምን እንደሆነ ባላውቅም ሥራ ላይ ሳለሁ በረዶ መቆርጠም ያምረኛል፤ አንድ ብርጭቆ ሙሉ በረዶ ጨርሼ ሌላ እደግማለሁ።

ሌላም ሸክም አለብኝ። ቀዶ ሕክምናውን ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም። ደሴ ላለችው እናቴ የሐሞት ጠጠር ሊያወጡልኝ ነው ብዬ ነው ሆስፒታል የገባሁት። እየከሳሁ ስሄድ በቪዲዮ ባየችኝ ቁጥር «ምነው ልጄ እንዲህ አለቅሽ፣ ታመሽ ነው የምትደብቂኝ?» እያለች ታለቅስ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያንም ብዙ ነገር እንደተጠረጠረ አውቃለሁ። አሁን 11 ኪሎ ስጨምር ደግሞ ሁሉም «አሁን ገና ሰው መሰልሽ» ይሉኛል። እኔን የሚያስፈራኝ ነገር እነርሱን ደስ ሲያሰኛቸው አብሬ ፈገግ እላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን አለቅሳለሁ። ማኅበርም ሆነ ለቅሶ ቤት ስሄድ ጉርሻ እምቢ ማለት ስለማልችል፣ ተቀብዬ ከጎረስኩ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ያስመለስኩባቸው ቀኖች አሉ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምን እንደ ልማዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየቆየሁ ጾምኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ላይ ዞሮብኝ ልወድቅ ስል ባልደረባዬ ደግፋ አተረፈችኝ።

ክብደቴ የተመለሰው በእኔ ስንፍና ነው ወይስ ሌላም የሚደርስበት አለ? አሁን ከየት ልጀምር? ከሕዝባችን ጋር እየኖራችሁ፣ ከአንድ ትሪ እየበላችሁ፣ ይህን ሕይወት ለብዙ ዓመታት የያዛችሁ ካላችሁስ እንዴት ቻላችሁት?

መልስ 1 (ነርስ፣ ሚኒሶታ)

እህቴ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በዚህ ሕክምና የክትትል ክፍል ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የምጽፈው ሐኪምዎን ለመተካት ሳይሆን ሐኪምዎ ዘንድ ሲሄዱ ምን እንደሚጠይቁ ያውቁ ዘንድ ነው።

ስለ ክብደቱ ልጀምር፤ ምክንያቱም በራስዎ ላይ የፈረዱት ፍርድ ልክ አይደለም። ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሰው ዝቅተኛውን ክብደት የሚደርሰው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ከዚያ ጥቂት መመለሱ አብዛኛውን ታካሚ የሚያገኝ ነገር ነው። በስዊድን በ1987 ተጀምሮ ፕሮፌሰር ላርስ ሾስትሮም የመሩት ሰፊ ጥናት ታካሚዎችን ለረጅም ዓመታት ተከታትሏል፤ ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች በ10ኛው ዓመት ላይ በአማካይ ከመነሻ ክብደታቸው 25 በመቶ ያህል ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። እርስዎ ከ124 ወደ 87 ኪሎ ሲሰላ ዛሬም 30 በመቶ ገደማ ዝቅ ብለው ነው ያሉት። ሰውነት የጠፋበትን ክብደት ለመመለስ ረሃብን ያበረታል፣ ጉልበትን ይቆጥባል፤ ቀዶ ሕክምናው ይህን ጠባይ ያዳክመዋል እንጂ አያጠፋውም።

ከክብደቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ በረዶው ነው። በረዶ የመቆርጠም አምሮት ብረት ባነሰው ሰው ላይ ደጋግመን የምናየው ምልክት ነው፤ ከድካሙ፣ ከፀጉሩና ከማዞሩ ጋር ሲደመር ቀጠሮ የሚያስጠብቅ ጉዳይ አይደለም። ባይፓስ ምግብ ከጨጓራ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያርፍበትን የትንሹ አንጀት ክፍል ያዘልለዋል፤ ብረት በዋናነት ወደ ደም የሚገባው ደግሞ በዚያ ክፍል ነው። ቫይታሚን ቢ12ም ከጨጓራ አሲድና ጨጓራ ከሚያመነጨው ረዳት ፕሮቲን ውጭ እንደ ልቡ ሊገባ አይችልም። የወር አበባ የሚያዩ ሴት ስለሆኑ ጉድለቱ በእርስዎ ላይ ይከፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የደም ምርመራ ነው፤ ለዚህም ቀዶ ሕክምናውን ያደረገልዎ ክፍል የግድ አያስፈልግዎትም፤ መደበኛ የቤተሰብ ሐኪምዎ ሊያዝልዎ ይችላል። ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችትን የሚያሳየው)፣ ቢ12፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን፣ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1)፣ ቫይታሚን ኤ፣ ዚንክና መዳብ፣ እንዲሁም የሦስት ወሩ የስኳር አማካይ እንዲታዩ በስም ይጠይቁ። ብረቱ በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ ክኒን ብቻውን ላይደርስበት ስለሚችል በደም ሥር የሚሰጥ ብረት ሊታዘዝልዎ ይችላል።

በየቀኑ የሚወሰደው ነገር ለዕድሜ ልክ እንጂ ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ አይደለም፤ ይህ ለብዙዎች በጥብቅ ሳይነገራቸው ይቀራል። እኛ ዘንድ የምንከተለው መመሪያ የወር አበባ ለሚያዩ ሴቶች በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት፣ ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 3000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ በአፍ ከሆነ ደግሞ ከ350 እስከ 1000 ማይክሮ ግራም ቢ12 ይላል። ካልሲየሙ አሲድ የማይፈልገው የሲትሬት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ በአንድ ጊዜም ከ600 ሚሊ ግራም በላይ አይውሰዱ። ስለ መጠኑ የመጨረሻው ቃል ግን የደም ውጤትዎን ያየው ሐኪም ነው። ስለ ማስመለሱም አንድ ነገር ልበል፤ ማስመለስ ለቀናት ከደጋገመ ታያሚን በፍጥነት ስለሚያልቅና ጉድለቱ አእምሮንና ዓይንን ስለሚጎዳ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ባይፓስ የተደረገልዎ መሆኑንም ግሉኮስ ከመስጠታቸው በፊት ይንገሩ።

ወደ ምግቡ ስመጣ፣ ክብደት ሲመለስ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ትልቅ ማዕድ ሳይሆን ሳይታወቅ የሚቀማመስ ነገር ነው። በሌሊት ፈረቃ ብስኩት፣ ጣፋጭ ሻይ፣ ከባልደረባ የተቀበሉት ኬክ፤ እነዚህ ለስላሳ ስለሆኑ በትንሹ ጨጓራ በኩል ተንሸራተው ያልፋሉ፤ አያጠግቡም። ፕሮቲን በቅድሚያ፣ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም፤ መጠጥ ደግሞ ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይሁን። ይህን ሁሉ አስተካክለው ክብደቱ መጨመሩን ከቀጠለ፣ ሐኪምዎ ጨጓራውን በኢንዶስኮፒ ሊያየው፣ እንደ ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ ያሉ ክብደት የሚቀንሱ መርፌዎችንም ሊያስብ ይችላል። ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

በእንግሊዝ አገር መመሪያው ቢያንስ 2 ዓመት በቀዶ ሕክምናው ማዕከል፣ ከዚያም በኋላ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳይቋረጥ እንዲታዩ ያዛል። ኢንሹራንስ ስለተቀየረ ብቻ ይህ ሊቀርብዎ አይገባም፤ የቀድሞው ክፍል ያቋረጠውን ክትትል ሌላ ክፍል ይቀጥለው።

መልስ 2 (አዲስ አበባ)

ነርሷ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ልምድ መጨመር ፈለግሁ፤ ምናልባት ከአገር ውጭ ታክመው ለተመለሱ ሌሎች አንባቢዎችም ይጠቅማል። እኔ ከ6 ዓመት በፊት ኢስታንቡል ሄጄ ስሊቭ የሚባለውን፣ ከጨጓራ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ የሚያወጣውን ቀዶ ሕክምና አድርጌያለሁ። በአምስተኛው ቀን አውሮፕላን ተሳፈርኩ። ቀዶ ሕክምናው በደንብ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ግን «እንዴት ነህ?» ብሎ የደወለልኝ አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት እግሮቼ እንደ ጉንዳን ይወሩኝና ይደነዝዙ ጀመር። አንድ ክሊኒክ የነርቭ ክኒን ሰጥቶኝ ለወራት ዋጥኩ፤ ስለ ጨጓራዬ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም የሚያገናኘው አልመሰለኝም። በመጨረሻ አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም የሆዴን ጠባሳዎች አይታ ጠየቀችኝ፤ ቢ12ዬ እጅግ ወርዶ ተገኘ። መርፌው ብዙውን መልሶልኛል፤ የቀኝ እግሬ ጣቶች ግን ዛሬም ሙሉ ስሜት የላቸውም። ከዚያ ወዲህ የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት አስተርጉሜ በስልኬ ይዤዋለሁ፤ የትኛውም ሐኪም ዘንድ ስቀርብ አፌን የምከፍተው በእርሱ ነው። እህቴ ባይፓስ ስለሆኑ አንድ ነገር በተለይ ይያዙልኝ፦ ለጥርስም ለወገብም ሕመም እኛ አገር በቀላሉ የሚታዘዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራውና አንጀቱ በተገጣጠሙበት ቦታ ላይ ቁስል ስለሚያመጡ ሐኪምዎ ካልፈቀደ አይውሰዱ፤ ሲጋራም እንዲሁ።

ስለ ትሪው የጠየቁትን እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። ከአንድ ትሪ ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ ይህ የባህላችን ውበት ነው፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ግን መለኪያ ያሳጣል። ባለቤቴ አሁን በአንዲት ትንሽ ሳህን ሥጋውን፣ እንቁላሉን ወይም አይቡን ለብቻ ታወጣልኛለች፤ እርሷን ስጨርስ ከልጆቼ ጋር ከትሪው ጥቂት እቆርሳለሁ። አብሬ መቀመጤም አልቀረ፣ መጠኔንም አውቃለሁ።

መልስ 3 (እናት፣ ዳላስ)

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ የራሴን ያለፈ ዘመን አየሁበት። እኔ 63 ዓመቴ ነው፤ ባይፓስ ካደረግሁ 11 ዓመት ሆኖኛል። ነርሷ የሕክምናውን ነገር አሟልተው ስለጻፉልሽ እኔ ስለ ሰው ልንገርሽ።

እኔም ደብቄ ነበር። የማኅበራችን ሴቶች ክፉ በሽታ ይዟት ነው ብለው ለብቻቸው ጸሎት እንደያዙልኝ የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው፤ በአንድ በኩል አፈርኩ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ምን ያህል እንደሚወዱኝ ገባኝ። መጀመሪያ የነገርኩት ለአንዲት ጓደኛዬ ብቻ ነው። ለሁሉ ሁሉን መንገር የለብሽም፤ ነገር ግን «ጨጓራዬን ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል፣ ከጥቂት በላይ አይቀበልም» ማለት እውነት ነው፤ ሰውም ያከብረዋል። ጉርሻ ሲመጣ «እናቴ፣ አሳንሰሽ አጉርሺኝ» እላለሁ፤ ትንሿን ተቀብዬ እጇን እስማለሁ። እስከ ዛሬ የተቀየመኝ ሰው የለም። ለእናትሽም ንገሪያት። ከእውነቱ ይልቅ የምትገምተው ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሳት።

ጾሙን የንስሐ አባቴን ነው ያማከርኩት። «ጾም ለታመመ አይገደድም፤ አንቺ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ፣ የምትችይውን ጹሚ» አሉኝ። ስለዚህ ከሥጋና ከወተት እከለከላለሁ፤ በጠዋት ግን እበላለሁ። ምስርና ሽሮ አበዛለሁ፤ ከአኩሪ አተር የተሠራ ፕሮቲን በውኃ በጥብጬ እጠጣለሁ። አንቺም አባትሽን ሳታማክሪ ዳግመኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቆዪ።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ስለማያወራው ልጻፍልሽ። ባለቤቴ ባረፈ በዓመቱ፣ በሕይወቴ መጠጥ የማላውቅ ሴት ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ወይን መውሰድ ጀመርኩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጠጅ ብጠጣ ምንም የማይለኝ ሰው፣ አንዷ ብርጭቆ ወዲያው ራሴ ላይ ትወጣ ነበር። አንዷ ሁለት ሆነች። ልጄ ናት ያስተዋለችው፤ እጄን ይዛ ሐኪሜ ዘንድ ወሰደችኝ። ዛሬ አምስት ዓመት ሆኖኛል፣ አልቀምስም። ይህን የምጽፈው ለነውር ሳይሆን፣ ምግብ ያጽናናው የነበረ ሐዘን ምግቡ ሲከለከል ሌላ በር እንደሚፈልግ ስላየሁት ነው።

እኔና ሁለት ሴቶች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በስልክ እንገናኛለን፤ አንዷ አትላንታ፣ አንዷ ሲያትል ናት፤ ሦስታችንም ቀዶ ሕክምናውን ያደረግን ነን። ምን እንደበላን፣ ምን እንደከበደን እንነጋገራለን። በግል መልእክት ጻፊልኝና አራተኛ ሁኚ። ክኒኖቼን እንዳልረሳ ሁሉንም ጠዋት ከቡናዬ ጋር በአንድ ጊዜ እውጣለሁ፤ አንቺም እንዲሁ ብታደርጊ ይቀልሻል።

መልስ 4 (ነርስ፣ ሚኒሶታ)

እናቴ፣ ስለ መጠጡ በግልጽ ስለጻፉ ከልቤ አመሰግናለሁ። በ2012 የታተመና በአሜሪካ 10 ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት፣ የመጠጥ ችግር ያለባቸው ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበሩት 7.6 በመቶ በሁለተኛው ዓመት ወደ 9.6 በመቶ ከፍ ማለታቸውን አሳይቷል። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው በፍጥነትና በብዛት ነው፤ የአንድ ብርጭቆ ኃይል እንደ ቀድሞው አይደለም።

ስለ ክኒኑ ግን በትሕትና ላርምዎ። ብረትና ካልሲየም አብረው ሲዋጡ ካልሲየሙ ብረቱን ስለሚያግደው ቢያንስ የ2 ሰዓት ልዩነት ያስፈልጋቸዋል። ቡናና ሻይም ብረት እንዳይገባ ያደርጋሉ፤ እኛ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስት ስኒ የምንጠጣ ሕዝብ ነን። ቡናውን ማንም አይከለክልዎትም፤ ብረቱን ግን ከቡናው ርቆ ይውሰዱት፣ ለምሳሌ ከመተኛትዎ በፊት፣ በብርቱካን ቢሆን የተሻለ ይገባል። ካልሲየሙን ቀን ላይ ከፋፍለው ይውሰዱ። ለጾሙም አንድ ግምት ልስጥ፦ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ በትንሽ ጨጓራ ያን ያህል በአንድ ጊዜ መብላት ስለማይቻል፣ የአኩሪ አተሩ ዱቄት በጾም ወራት የግድ ነው።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን በአንድ ሌሊት ፈረቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ አነበብኳቸው። የቤተሰብ ሐኪሜ ዘንድ የምርመራዎቹን ስም በወረቀት ጽፌ ሄድኩ፤ ሐኪሟ ወረቀቱን ተቀብላ ሁሉንም አዘዘችልኝ። ፌሪቲኔ 6 ሆኖ ተገኘ፤ ቫይታሚን ዲዬም ዝቅ ብሏል፤ ስኳሬ ግን ደኅና ነው። በደም ሥር የሚሰጠውን ብረት በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ እጀምራለሁ፤ አዲሱን ኢንሹራንሴን የሚቀበል የክትትል ክፍልም አግኝታልኛለች።

ትናንት ለእናቴ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ብቻሽን ነበርሽ?» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ምን ያህል እንደምበላ፣ ምን እንደሚስማማኝ አንድ በአንድ ስትጠይቀኝ አመሸች፤ ወደዚህ በሚመጣ ሰው ሽሮ ልትልክልኝ አተሩን እያስለቀመች ነው።

ለዳላሷ እናቴ፦ የግል መልእክት ልኬልዎታለሁ። የእሑዱ ስልክ በእኛ ሰዓት ስንት ላይ እንደሚሆን ይንገሩኝ፤ ከፈረቃዬ የምወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ነው፣ ሳልተኛ እጠብቃለሁ።